ባሕር የሌለው አገር በባሕር ላይ ያለው መብትና ግዴታ
(በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በሐይቅ ተሰብስበን ስለ ባሕር ሕግ መነጋገራችን ለአንዳንዶች እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ነገር ግን ይህ ውሃ ጉዳዩን ለመረዳት ያግዘናል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳም ባቋቋሙበት በዚህ ሐይቅ ላይ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ መንግሥት ሥልጣን የለውም።

የባሕር ነገር ግን ሌላ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ሥልጣንን በርቀት ከፋፍሎታል። ጠረፍ ያለው መንግሥት እስከ 12 የባሕር ማይል እንደ ግዛቱ ያዝዛል፤ እስከ 200 ማይል በዓሣውና በማዕድኑ ይጠቀማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍት ባሕር የማንም ግዛት አይደለም።

እንግዲህ በ1993 እ.ኤ.አ. ኤርትራ ነፃ መንግሥት ስትሆን ጠረፍ ላጣችው አገራችን ምን ቀራት? ስምምነቱ ሦስት ነገር ይሰጣል።

1ኛ/ በአንቀጽ 90 ጠረፍ የሌለው መንግሥትም በባንዲራው መርከብ ማስኬድ ይችላል። በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባሕር ንግድ መርከባችን ከ1993 በኋላም አልቆመም።

2ኛ/ አንቀጽ 125 ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት አገር የመተላለፍ መብት ይሰጣል።

3ኛ/ አንቀጽ 69 በአካባቢው ካሉ ባለ ጠረፍ አገሮች ትርፍ ዓሣ ተገቢውን ድርሻ ይፈቅዳል።

ሆኖም ሕጉ ያላለውን አናስብለው። መተላለፍ ማለት ወደብ መያዝ አይደለም፤ ያው አንቀጽ 125 ዝርዝሩ ከአስተላላፊው አገር ጋር በስምምነት ይወሰን ይላል። ስለዚህ «ወደብ መብታችን ነው» የሚል ሁሉ የትኛውን መብት እንደሚጠራ ለይቶ ይናገር። መብትን ከልኩ አልፎ መጥራት በክርክር ያሳፍራል፤ ከዚያም አልፎ ጎረቤታሞችን ወደ ጦርነት ሊወስድ ይችላል። ደግሞም ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1982 ፈርማ ሳታጸድቀው ብዙ ዓመታት ቆይታለች። ባላጸደቁት ሰነድ መሟገት የተሟጋቹን ክንድ ያዝላል።

መብት ባለበት ግዴታም አለ። በክፍት ባሕር ላይ መርከብን የሚቆጣጠር ባንዲራዋ የተሰቀለባት አገር ናት፤ አንቀጽ 94 ይህን ግዴታ ይጥልብናል። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው አዲስ ስምምነትም ከመንግሥታት ሥልጣን ውጭ ባለው ባሕር የሚኖረውን ፍጥረት ለመጠበቅ የወጣ ነው። የዚህ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪ ገና ያልደረሰውን ዓሣ ካወጣ ነገ መረቡ ባዶ እንደሚመለስ ያውቃል። በሐይቁ የሚከለክለው አንድ መንግሥት አለ፤ በክፍት ባሕር ግን ከመንግሥታት ስምምነት በቀር ከልካይ የለም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ጠረፍ ማጣት ድምፅ ማጣት አይደለም። ግን ድምፃችን የሚሰማው ሕጉን አንብበን፣ ማጽደቁንም ጠይቀን ስንናገር ነው።