«መብራት መጣ» ማለት ብቻ አይበቃም



በአዳማ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ «መጣ!» የሚል ድምፅ ከየመኝታ ክፍሉ ይሰማል። ነገር ግን አምፖሉ በራ ማለት ዕቃው ሁሉ ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። ንግግሬም ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ያስተኛውን የድምፅ ክፍል ሲቀሰቅስ፣ ክፍሉም አልነሣ ሲል፣ ድራይቨሩ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው።

ሳውንድዋየር የሚባለው መስመር የድምፅ ማጉያውንና ማይክሮፎኑን በሁለት ሽቦ ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኛል፤ አንደኛው ሽቦ የጊዜውን ምት፣ ሁለተኛው መረጃውን ይይዛል። ሥራ ሲያጣ ባትሪ እንዲቆጠብ ይተኛል።

ከርነሉ የማንበቢያ አዳራሽ ዘበኛን ይመስላል። ለገባው ሰው አንድ ይጨምራል፤ ለወጣው አንድ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን መብራቱን ያጠፋል። «ፒኤም ራንታይም ጌት ሲንክ» የተባለው ጥሪ ቁጥሩን አስቀድሞ ይጨምራል፤ መቀስቀሱ ባይሳካም አይመልሰውም። ድራይቨሩ ስሕተቱን አይቶ ዝም ብሎ ከወጣ፣ በሩ ተዘግቶበት የተመለሰ ተማሪ በመዝገቡ እንደ ቀረ ይሆናል፤ መብራቱም ለማንም ሲበራ ያድራል። ስለዚህ በ2020 እ.ኤ.አ. ሳይሳካ ሲቀር ቁጥሩን ራሱ የሚመልስ «ሪዙም ኤንድ ጌት» የተባለ ጥሪ ተጨመረ።

በ2022 እ.ኤ.አ. በሳውንድዋየር ኮድ ውስጥ አሮጌው ጥሪ በአዲሱ ተተካ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን «ኢአክሴስ» የሚባል መልስ አለ፤ ትርጉሙም የዕቃው የኃይል ቁጥጥር ተዘግቷል ማለት ነው። ኮዱ ይህን እንደ ውድቀት አይቈጥረውም፤ ሥራውን ቀጥሎ በመጨረሻ ቁጥሩን ይቀንሳል። አዲሱ ጥሪ ግን አስቀድሞ ቀንሶታል። አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ወጣ ተብሎ ተመዘገበ፤ ቁጥሩም ከዜሮ በታች ወረደ። በኋላ ወደ አሮጌው ጥሪ ተመለሱ፤ እውነተኛ ውድቀት ሲገጥምም ኮዱ ቁጥሩን ራሱ እንዲመልስ አደረጉ።

ጓደኞቼ፤ ስሕተቱ የመጣው ከስንፍና አይደለም፤ አዲሱ ይሻላል ተብሎ መንገዱ ሁሉ ስላልተመረመረ ነው። እንግዲህ የመመረቂያ ሥራችንን ስንጽፍ ለእያንዳንዱ መልስ፣ ለተሳካውም ላልተሳካውም፣ የወሰድነውን ማን እንደሚመልስ በወረቀት ላይ እንከተል። ከዚያም ዕቃውን ሆን ብለን እንዳይነሣ አድርገን እንፈትነው።