ብር ሲንሳፈፍ ሞዴሉ ውስጥ ማን ነበር?

የማነጋግራችሁ ከደቡብ ለንደን፣ ከስቶክዌል ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። በዚያው ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን «ለእናቴ ዛሬ ልላክ ወይስ ልቆይ? በባንክ ይሁን ወይስ በሌላ መንገድ?» ያላለ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ነገሩ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን በቅድሚያ በሞዴል ይሰላል። የተለመደው ሞዴል ሕዝቡን በጥቂት ምድቦች ይከፍልና እያንዳንዱን ምድብ እንደ አንድ ሰው ይቆጥረዋል። ከዚያ ዋጋ ይለወጣል፣ ገበያውም አዲስ ሚዛን ያገኛል። አዲስ አበባም ውስጥ የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት በዚህ ዓይነት ሞዴል ሠርቷል። ጠቃሚ ነው፣ አልክድም። ግን እናንተ የምትልኩበትን መንገድ የምትመርጡት ጎረቤታችሁ ያደረገውን አይታችሁ ነው። ወሬ፣ ፍርሃት፣ እምነት በዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ከዋናው መስመር የወጡ ኢኮኖሚስቶች ሌላ መንገድ ይዘዋል። የካምብሪጁ ዊን ጎድሊ ከአንዱ ኪስ የወጣ ገንዘብ የግድ የሌላው ኪስ መግባቱን እየተከታተለ፣ የአሜሪካ የግል ዕዳ አካሄድ እንደማይዘልቅ በ1999 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ስቲቭ ኪን «ሚንስኪ» የተባለውን ሶፍትዌር በነጻ እንዲገኝ አደረገ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እዚሁ ደቡብ ለንደን፣ ክሮይደን ውስጥ፣ ቢል ፊሊፕስ የገንዘብን ዝውውር በቀለም ውሃ የሚያሳይ ማሽን በአንድ ጋራዥ ሠርቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ለምሁራን አሳይቷል። ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ባሕርይ ተሰጥቶት ይንቀሳቀሳል። የእንግሊዝ ባንክ ተመራማሪዎች እንኳ በ2016 እ.ኤ.አ. የቤት ገበያን በዚህ ዘዴ ፈትሸዋል።

እስቲ በእኛ ጉዳይ እንየው። አንድ ሺህ ገንዘብ ላኪዎችን ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባ። አንዷ የዋጋው ልዩነት አሥር ብር ሲደርስ ባንኩን ትተዋለች፤ ሌላው ሦስት ጓደኞቹ ሲተዉ ይከተላል፤ ሌላው ምን ቢመጣ ከባንክ አይወጣም። በወዲያኛው በኩል ደመወዙ ያልጨመረ የአዲስ አበባ መምህር፣ የመርካቶ አስመጪ፣ የጅማ ቡና አምራች ይግቡ። ከዚያ ቀን በቀን እናስኪደው። ልዩነቱ ሲጠብ የሸሹት ሁሉ ተመልሰው ይመጣሉ? እንደ አሸሻሻቸው ፍጥነት ላይመለሱ ይችላሉ። የመምህሩ ጓዳስ መቼ ባዶ ይሆናል? በአማካይ ቁጥር ውስጥ ይህ አይታይም።

አስማት ግን አይደለም። ሕጉን የሚያወጣ መልሱን ግማሽ አውጥቶታል። ለዚህ ነው መንግሥትም ሆነ አበዳሪዎቹ የሞዴላቸውን መነሻ ግምት ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ያለባቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ላፕቶፕና ያለ ክፍያ በሚገኘው «ኔትሎጎ» ፕሮግራም ያንኑ ደግሞ መሞከር ይችላል። የሚያስፈልገው መረጃ ደግሞ እናንተ ዘንድ ነው። መቼ እንደላካችሁ፣ በየት በኩል፣ መንገዱንም ለምን እንደቀየራችሁ የሚጠይቅ ተመራማሪ ወደ ስቶክዌል ቢመጣ ስማችሁን ሳይጽፍ ይመዝግብ፤ እናንተም ንገሩት።