የሱቅ መብራትና ቆጣሪው

በቦንጋ ከተማ ያለ አንድ ቡና ቤት 10 ባለ 60 ዋት አምፖሎችን በቀን 5 ሰዓት ቢያበራ፣ በ30 ቀን 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥርበታል። በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢተካቸው ወደ 13 ተኩል ይወርዳል፤ ክፍያው የሚታወቀው ይህ ቁጥር በንግድ ታሪፉ ሲባዛ ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ቆጣሪው አሁንም ከቆጠረ፣ የተረሳ ዕቃ ወይም የመስመር ችግር አለ።

የኃይሉ ጥራት ሌላ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የአንድ ፌዝ መደበኛ ቮልቴጅ 220 ነው። ቀን ላይ ደህና የነበረው፣ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ሊወርድ ስለሚችል ኤሌክትሪሺያኑ ምሽትም መለካት አለበት። አንዱ አምፖል ደብዝዞ ሌላው ከልክ በላይ ከደመቀ ግን የላላ ኒውትራል ይጠረጠራል። ይህ ፍሪጅም ያቃጥላልና ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ወዲያው መዝጋት ያስፈልጋል።