ጨጓራን በአፍ በኩል ስለ መስፋት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የዛሬውን ርእስ ስናስታውቅ አንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን «ጨጓራ ይሰፋል እንዴ?» ብሎ ሣቀብን። ይሰፋል። ቃሉ ግን ጠብቆ ይነበብልን፤ ላልቶ ከተነበበ የምንናገረው ተቃራኒውን ይሆናል።

የምግብ መውረጃው ቧንቧ ከጨጓራ በሚገናኝበት ቦታ የሚዘጋ ጡንቻ አለ። እርሱ ሲላላ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቃር የምንለው ይህ ነው። ብዙዎቻችን ተልባ ጠጥተን እናልፈዋለን፤ ዕለት በዕለት የሚመላለስበት ሰው ግን ቧንቧው ሊቈስል ይችላል። ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ሐኪም በ1955 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው የምንጠራቸው) ስዊስ አገር በባዝል ከተማ የጨጓራውን የላይኛውን ክፍል እንደ ሻሽ በቧንቧው ዙሪያ ጠምጥሞ ሰፋው። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል፤ ነገር ግን ሆድን መክፈት፥ ኋላም ቢሆን መብሳት ግድ ነበር።

በ1980ዎቹ ፖል ስዌይን የተባለ የለንደን ሐኪም በእንዶስኮፕ ጫፍ የሚገጠም ትንሽ የስፌት መኪና ሠራ። እንዶስኮፕ በአፍ ገብቶ የጨጓራን ውስጥ የሚያሳይ ተጣጣፊ ቱቦ ነው። የመኪናው ጫፍ ጎድጓዳ ነው፤ አየሩ ሲመጠጥ የጨጓራው ግድግዳ ወደ ጎድጓዳው ይገባል፤ መርፌው ይወጋውና ክሩን ያሳልፋል። ሁለት ቦታ ወግተው ክሩን ሲስቡት እጥፋት ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚሠራ እንዶሲንች የተባለ መሣሪያ በ2000 በአሜሪካ ለገበያ ተፈቀደ።

ብዙ በሽተኞችም ተሻለን አሉ። ይሁን እንጂ በ2005 በጀርመን ሐኪሞች የታተመ ጥናት 70 በሽተኞችን 18 ወር ተከታትሎ ሲያይ፥ ሕክምናው ከመቶ በ80ዎቹ ላይ ሳይሳካ ቀርቷል፤ ስፌታቸው ሁሉ በቦታው የተገኘው ከመቶ 17ቱ ብቻ ነበሩ።

ስፌቱ ለምን ተፈታ? ካፖርት የሚያሳጥር ልብስ ሰፊ ገበሩን ብቻ ሰፍቶ ጨርቁን ቢተወው ምን ይሆናል? የጨጓራም ግድግዳ ገበር አለው፤ ከገበሩ ውጭ ጡንቻ፥ ከጡንቻው ውጭ ደግሞ ስስ ሽፋን አለ። ገበሩ በየጥቂት ቀኑ ራሱን የሚያድስ ስለ ሆነ ገበር ከገበር ቢነካካ አይጣበቅም። የውጭው ሽፋን ከውጭው ሽፋን ጋር ሲገናኝ ግን ይጣበቃል። የመጀመሪያው መኪና ብዙ ጊዜ ጡንቻውን አልፎ አልወጋም።

ኋላ የመጡት መሣሪያዎች ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ለመውጋት ተሠሩ። በ2008 የተፈቀደው ኦቨርስቲች ቈልማማ መርፌ አለው፤ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠመዘዘ ሽቦ ሥጋውን ስቦ ያቀርብለታል። ዛሬ ከቃር ይልቅ ለውፍረት ይሠራበታል፤ ጨጓራው ምንም ሳይቈረጥ ከውስጥ ታጥፎ ጠባብ ቱቦ ይሆናል። በ2022 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣው ሙከራ 209 ሰዎች ነበሩበት። የተሰፉት በ52 ሳምንት ውስጥ ከክብደታቸው ከመቶ 13.6 ሲቀንሱ፥ የአመጋገብና የአኗኗር ምክር ብቻ ያገኙት 0.8 ቀነሱ።

በመካከላችን ክርክር የተነሣው እዚህ ላይ ነው። በ2007 በታተመ የሆላንድ ሙከራ ከፊሎቹ በሽተኞች እንዲያንቀላፉ ተደርጎ ቱቦው ገባላቸው እንጂ አልተሰፉም፤ ይህንንም አያውቁም ነበር። ግማሾቻችን «ይህ በሰው መቀለድ ነው» አልን። ነገር ግን በተሰፉት ዘንድ ወደ ቧንቧው የሚወጣው አሲድ ካልተሰፉት ይልቅ እንዳልቀነሰ የታወቀው በዚሁ ነው። ያ ባይደረግ «ተሻለኝ» የሚለው ቃል ብቻ ለምስክርነት በበቃ ነበር። በ2022ቱ ሙከራ ግን ሰዎቹ መሰፋታቸውን ያውቁ ነበር፤ ሚዛን እንደ ቃር በስሜት የሚለዋወጥ ባይሆንም፥ ይህን ሳናነሣ ማለፍ አልወደድንም።

ጠረጴዛው ላይ የበግ ጨጓራ፥ መርፌና ክር አለ። አንዱን ስፌት በገበሩ ብቻ፥ ሁለተኛውን ከዳር እስከ ዳር አሳልፉና ሁለቱንም ሳቧቸው። ሙት ሥጋ እንደማይጣበቅ እናውቃለን፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚቀደድ ግን ያሳያል።