የ1,690 ብር በጀቴ

በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በሒሳብ ባለሙያ አባላችን የቀረበ ንግግር



ሰብሳቢያችን «ስለ ቤት በጀት አንድ ነገር ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አስቤዛ ነበር። ስለ አስቤዛ ግን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስለ ከሸፈብኝ በጀት ልናገር። የሰው ሒሳብ እየዘጋሁ ስኖር የራሴን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሒሳብ ማስተካከል አቅቶኝ ነበር።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጄ ጋር ነው። የእጅ መታጠቢያችን ቧንቧ የቱንም ያህል ብናጠብቀው ይንጠባጠባል። አንድ ቀን ባለ ሁለት ሊትር የዘይት ጠርሙስ ከሥሩ ባስቀምጥ በአራት ሰዓት ውስጥ ሞላ። በቀን 12 ሊትር ማለት ነው። በእኛ ብሎክ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ስለሆነ በወር ወደ 150 ሊትር ይደርሳል። በቢል ላይ ሲታይ ትንሽ ብር ነው፤ ማጋነን አልፈልግም። ነገር ግን ከሰባት ጀሪካን በላይ ነው። ውኃ በጠፋ ቀን ሰባት ጀሪካን ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። «ዕቃውን አንቺ ግዢ፣ የእጄን 1,200» አለኝ። አንድ ዳዶ ፈትቶ ሌላ ለማጥበቅ 1,200! ራሴ እሠራዋለሁ አልኩና በጀት ጻፍኩ፦ ቧንቧ 1,400፣ ፍሌክሲብል 250፣ ቴፍሎን 40፤ ድምር 1,690 ብር። ወረቀቱ ሲያዩት ያምራል። መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ በጀት ቢቀርብልኝ ግን «መጠባበቂያው የታለ?» ብዬ እመልሰው ነበር።

መፍቻ እንደሌለኝ ያወቅሁት ሥራውን ስጀምር ነው፤ 650 ብር። ፍሌክሲብሉ ሳልለካ የገዛሁት ስለሆነ አጠረና ሌላ 250 ወጣ። የታክሲው ምልልስ 120። እዚህ ድረስ ያው የሁላችንም ነገር ነው።

ትልቁ ስህተቴ ቀኑን የመረጥኩበት መንገድ ነው። ውኃ በሌለበት ቀን ብሠራው ይቀለኛል፣ ቤቱም አይረጥብም ብዬ አሰብኩ። አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን ተከልኩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አንግል ቫልቭ መልሼ ከፈትኩ። ጠብታ የለም። ለካ ጠብታ የሌለው ውኃው ስለሌለ ነው! ኮርቼ ተኛሁ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ውኃ መጥቷል፤ ከፍሌክሲብሉ ጫፍ እየፈሰሰ የእኛን ወለል ሞልቶ ወደ ታች ወርዷል። ቫልቩን ብዘጋው ይዞራል እንጂ አይዘጋም፤ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ቆጣሪዎቹ ወደተደረደሩበት ምድር ቤት ወረድኩ። የእኔ ቆጣሪ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። በስልኬ መብራት ቁጥር ስፈልግ የጠፋው ጊዜ ነው ከሁሉም የከፋው።

ከእኛ በታች የሚኖሩት እናት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ናቸው። ወለሉ ላይ ያስቀመጡት 12 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ራሰ። «አይዞሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ውኃውን ዝጊ» ነበር ያሉኝ። ካሣም አልጠየቁኝም። ይሁን እንጂ ያ ዱቄት የሳምንት ሥራቸው ነው። በጠዋት በኪሎ 150 ብር አስቤ 1,800 ብር ወሰድኩላቸው። ሦስቴ መለሱልኝ፣ በአራተኛው ተቀበሉ።

አዲስ አንግል ቫልቭ 450 ብር ስጨምርበት ጠቅላላው 4,960 ብር ሆነ። ሠራተኛው ቢሠራው 2,890 ነበር። ከበጀቴ በላይ የወጣው 3,270 ብር የመጣው ደግሞ ለልጄ ዩኒፎርምና ደብተር ካስቀመጥኩት ነው። ያን ጊዜ ከማኅበራችን የብድር ሣጥን 3,000 ብር ወስጄ በየወሩ 500 እየከፈልኩ በስድስት ወር ጨርሻለሁ። ቅጹ ላይ «ለቤት ጥገና» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ገንዘብ ያዣችንም አልጠየቀችኝም። ምን ዓይነት ጥገና እንደነበር ዛሬ ሰማችሁ።

አሁን ቢሆን እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ፤ ባለፈው ወር የእህቴን ቤት ስለሠራሁ የተሞከረ ነው። ቦርሳ ሳልይዝ፣ ብር ሳልቆጥር በፊት ቆጣሪው ጋ ሄጄ የእህቴን ለየሁና ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። ከዚያ ውኃ ባለበት ቀን አንግል ቫልቩን ዘግቼ ቧንቧውን ከፈትኩት። መንጠባጠቡን ካላቆመ ቫልቩ አልቋል ማለት ነው፤ በጀት ውስጥ ይገባል። የእህቴም አልቆ ነበር። ከቫልቩ እስከ ቧንቧው ያለውን በክር ለካሁ፣ አሮጌውን ዕቃ በፎቶ አንስቼ ለባለሱቁ አሳየሁት። ቧንቧ ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፤ ኒኬል የተቀባ ፕላስቲክ ቀሎ ይታወቃል። ዋጋው ረከስ ቢል እንኳ ተዉት።

ፍሌክሲብሉ ጫፍ ላይ ውስጡ ጎማ አለ። ውኃውን የሚይዘው ያ ጎማ ነው፤ እዚያ ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም። እኔ ሁለቱንም አድርጌ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ አጥብቄ ጎማውን ጨፍልቄው ነበር። በእጅ እስኪይዝ ማዞር፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል መጨመር ይበቃል። ቴፍሎኑ ግድግዳው ውስጥ ለሚገባው የቫልቩ ጥርስ ነው፤ የሚጠቀለለውም ቫልቩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፣ ያለበለዚያ ሲገባ ይፈታል። ሲያልቅ ውኃውን ከቆጣሪው ከፍቼ፣ መጋጠሚያዎቹ ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፌ ቡና አፈላን። ሦስተኛው ሲጠጣ ሶፍቱ ደረቅ ነበር።

የእህቴ በጀት 2,100 ብር፣ መጠባበቂያ 315 ብር ነበር። መጠባበቂያው አልተነካም። ቴፍሎኑ ከእኔ የተረፈው ነው፤ መፍቻውም ያው የእኔ። በሒሳብ አያያዝ መፍቻ ቋሚ ንብረት ነው፤ ለአንድ ቧንቧ ብቻ ከገዛነው 650 ብር ነው፣ አሥር ቤት ከሠራበት ግን ለአንዱ 65 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ለሥራ አመራሩ ጥያቄ አለኝ። ማኅበሩ አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይኑረው፤ አባል ፈርማ ትውሰድ፣ ፈርማ ትመልስ። መመዝገቢያውን እኔ እይዛለሁ። መፍቻዬን ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀይ ጨርቅም አምጥቻለሁ፤ ቆጣሪዋን የማታውቅ ስትወጣ አንድ ቁራጭ ትውሰድ።