የታጠነ አይብ ከምን ጋር ይቅረብ?



ባለፈው የእንግዶች ምሽት ያቀረብነው አይብ ግማሹ ሳይበላ ተመልሷል። ሒሳቡን ስንመዘግብ «ብልሽት» ብለን ጻፍነው እንጂ አይቡስ ደህና ነበር። ከባለሙያ አባሎቻችን በገንዘባችን የገዛነው ነው፤ ስለዚህ ቆጨን።

ጥፋቱ ከመጠጡ ነው። እናቶቻችን ወተቱ የሚረጋበትን ቅል በወይራ ጭስ ያጥናሉ። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ሞቆ አይብ ሲሆን ያ ጭስ አብሮ ይመጣል። እኛ ግን ከጎኑ ደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ ቀዳን። ደረቅ ቀይ ወይን አፍ ይይዛል፣ ጭሱም መረር ይላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ምሬቱ ብቻ ይቀራል።

በማግስቱ የተረፈውን አይብ ቢሮ ውስጥ ከጣፋጭ ቀይ ወይን፣ ከዚያም ከጠጅ ጋር ቀመስነው። ወይኑም ተስማማው፣ ጠጁ ግን በለጠ። የማሩ ጣዕም ጭሱን ያለዝበዋል፤ ጌሾው ደግሞ ጣፋጩ እንዳይሰለች ያደርጋል። ለማይጠጡ እንግዶች ብርዝ ይበቃል።

ለመጪው ምሽት ጠጁን ከሚጥሉ አባሎቻችን እንድንገዛ እንጠይቃለን፤ ደረሰኝም እናዘጋጃለን። ቀኑ ግን ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን አደራ፣ ጿሚዎቹ አይቡን አይተው ብቻ ይመለሳሉ።