ከሜዳው ዙሪያ ያለ ሙያ፦ በቆቦ ስለሚጫወቱ ታዳጊዎች ትምህርትና የሥራ ምርጫ



በቆቦ ከተማም ሆነ በራያ ቆላ ቀበሌዎች ኳስ የሚጫወተውን ወይም የሚሮጠውን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «ወደፊት ምን ልትሆን ታስባለህ?» ብትሉት መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አይዘልም፤ ወይ ክለብ መግባት፣ ወይ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ መሄድ። ሌላውን መንገድ ቀርቦ ያሳየው ሰው የለማ!

የክለቡን ተስፋ በልኩ እንየው። በ2009 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ሲመረቅ የከተማዋ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር፤ የታዳጊዎቻችንም ልብ ወደዚያው ሸፈተ። ብዙም ሳይቆይ ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ሯጩም የራሱ ፈተና አለበት። በሯጮቿ በታወቀችው በቆጂ ልጅ የሚያድገው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ቆቦ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ከዚህ ሯጭ አይወጣም አልልም፤ አሰልጣኙ ይህን ለልጁ ሳይደብቅ ይንገረው ነው የምለው።

«ተማርና ዩኒቨርሲቲ ግባ» የሚለው ምክርም ብቻውን አይበቃም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የአገሪቱ አማካይ ነው፤ የእኛ ልጆች በዚያ ላይ በጦርነት ትምህርታቸው ተቋርጦባቸዋል። ስለዚህ የማካካሻ ትምህርቱንም (ሪሚዲያል)፣ ቴክኒክና ሙያውንም ገና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ እንደ ውድቀት ሳንቆጥር ልንነግራቸው ይገባል።

ኳስና ትምህርት አይጣሉም። ይድነቃቸው ተሰማ ተጫዋች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሰልጣኝ ሆኑ፤ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ሊዲያ ታፈሰ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት፤ በካናዳና በፈረንሳይ ለተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች በዳኝነት ተመርጣለች። በአሜሪካ ጎልፍ የሚጫወት ታዳጊ እንኳ በስፖርቱ ከፍተኛው የኮሌጅ ምድብ ለመግባት ሲፈልግ ጥሩ መቺ መሆኑ ብቻ አያስገባውም፤ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን እንዲጨርስና አማካይ ውጤቱ ቢያንስ 2.3 እንዲሆን ይጠየቃል። እኛስ ለምን የቡድን አባልነትን ከክፍል ውጤት ጋር አናያይዝም? ለማባረር ሳይሆን፣ የደከመውን ቶሎ ለይተን ለማስጠናት።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። በትምህርት ቤቶች መካከል የምናዘጋጀው ውድድር ራሱ የሥራ መሞከሪያ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሃያ ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፣ ሌላው ቆሞ ያያል። እያንዳንዱ ተጫዋች ግን በየተራ ከሜዳ ወጥቶ አንድ ኃላፊነት ቢይዝስ? አንዱ በፉጨት ይዳኝ፤ አንዷ ከጤና ጣቢያ ከመጣች ነርስ ጋር የተጎዳ ትርዳ፤ ሌላው የቡድኑን ገንዘብ ይያዝና በደረሰኝ ያወራርድ፤ ሌላዋ ጨዋታውን ጽፋ በሰልፍ ላይ ታንብብ። ከዳኝነት ሕግ አዋቂነት፣ ከቁስል ማሰር ነርስነት ወይም ፊዚዮቴራፒ፣ ከደረሰኝ ሂሳብ ሥራ፣ ከዘገባ ጋዜጠኝነት ይወጣል። አሰልጣኙ ማን በየትኛው እንደተመሰጠ ይመዝግብ፤ ልጁ ራሱ ከሚነግረን ይልቅ እጁ ብዙ ይነግረናል።

ሜዳውን ማልማትም እንዲሁ የሥራ መሞከሪያ ሊሆን ይችላል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ በሞተር በሚሳብ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ሣር ያለው ሜዳ ለማቆየት የሚያስፈልገው እውቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ፓምፕ መጠገን፣ ቧንቧ መዘርጋት፣ ውሃን መመጠን ነው። ሜዳውን ውሃ እንዲያጠጣ የተመደበ ልጅ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ወይም መስኖ ቢማር ሥራው እዚሁ ደጁ ላይ ይጠብቀዋል። ስደትን በስብከት ብቻ ማስቀረት እንደማይቻል ሁላችንም አይተናል፤ ልጁ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል።

ለሴቶቹ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ከሜዳ የሚቀሩት ውሃ መቅዳቱና የቤት ውስጥ ሥራው ከልምምድ ሰዓት ጋር ስለሚጋጭ፣ መሽቶ ሲመለሱም ቤተሰብ ስለሚሰጋ ነው። ልምምዱን ቀን እናድርገው፤ እናቶችንም አስቀድመን እንጠይቅ።

የምጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር፣ አንድ አሰልጣኝና አንድ ወላጅ ሆነው ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጋር በየመንፈቅ ዓመቱ ይቀመጡ፤ ውጤቱን፣ የወደደውን ሥራና ለዚያ ሥራ የሚጠየቀውን ትምህርት አብረው ይዩ። ከዛሬው ስብሰባ ሳንበተን ስማቸውን ብንመዘግብ የመጀመሪያው ውይይት ከመጪው የመንፈቅ ዓመት ፈተና በፊት ይደርሳል።